ባለ ሁለት በሩ መኪና ስንት ታክሲ ያወጣል?

ጋራዡ ውስጥ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ቀለሜ» ነው የሚሉት። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበረ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት የሚባለውን ነገር ገና በጠዋቱ ነው የተሰናበተው። የመኪና ቀለም ቀቢ በመሆኑ ያወጡለት ስም ነው፤ እሱም ስድብ ይሁን ሙገሳ ሳይመረምር ዕድሜውን ሙሉ «አቤት» ሲልበት ኖረ።

ሥራ ላይ ሆኖ ላየው ሰው ቀለሜ ደስ ይላል። የተጨረመተ በር ይመጣለታል። ቀጥቃጩ አቃንቶ ሲያስረክበው ስቱኮውን ይለስናል፣ ውሃ ባራሰው ብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሳል። በዓይኑ አያምንም። መዳፉ «ገና ነው» ካለው፣ የመኪናው ባለቤት አጠገቡ ቆሞ ሰዓቱን ቢያይ፣ ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ እሱ እንደገና ማሸት ይጀምራል። የጋራዡ ባለቤት በዚህ የተነሳ ስንቴ እንዳባረረውና ስንቴ እንደመለሰው ሁለቱም ረስተውታል።

አንድ ጉድለት አለበት፤ አፍንጫው አይሠራም። ቲነርና የቀለም ብናኝ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲስብ ስለኖረ አፍንጫው ፊቱ ላይ ለወጉ ያህል የተቀመጠ ነው። ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት አርሮ ጎረቤት ሲጮህ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ሚስት አላገባም። «ማን ከቲነር ጋር ይተኛል?» ብሎ ያልፈዋል። ታላቅ እህቱ ቤት ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ እህቱን እትዬ ይላታል፣ ትቆጣዋለች፣ ታበላዋለች፣ ቱታውን ከደጅ ሳያወልቅ እንዳይገባ ትከለክለዋለች።

ከእትዬ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። እሱም ታክሲ ነጂ ነው፤ «ካፒቴን» ይሉታል። ሰው ታክሲው ውስጥ በገባ ቁጥር፣ «ክቡራን መንገደኞች፣ ቀበቷችሁን እሰሩ፤ ቀበቶው የተበጠሰበት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ደግሞ ጸሎታችሁን አጥብቁ» ስለሚል ነው። ተሳፋሪ ይስቃል። ቀለሜም ይስቃል፤ ያንኑ ቀልድ ስንት ዘመን ሰምቶት ዛሬም እንደ አዲስ ይስቅለታል። ጓደኝነት ማለት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ ነው። ያኔ ቀለሜ እዚያው ጋራዥ አሻሽ፣ ካፒቴን ደግሞ መኪና አጣቢ ነበሩ። አንድ ቀን የውጭ አገር ሰው አንድ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ይዞ ገባ፤ ቀይ፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀ፣ ቆሞ ሳለ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል። ጎኑ ላይ ጭረት ነበረበት። ሰውየው ሥራው እስኪያልቅ ከመኪናው አልራቀም። ካፒቴን ስፖንጁን እንደያዘ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠየቀው፤ «ስንት ገዙት?» ሰውየው አልተቀየመም። በአገሬ ይህን ያህል ነው አለ፤ እዚህ ለማስገባት ግን በላዩ ላይ የዋጋውን እጥፍና ከዚያም በላይ ከፍያለሁ አለ። ካፒቴን ግራ ገባው። «መኪናው ድንበር ሲሻገር ያድጋል እንዴ?» አለ። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ እንጂ መልስ አልሰጠም። ሁለቱ ጓደኛሞች ያንን መልስ ሲፈልጉ ጎለመሱ፣ ሲፈልጉ ሸበቱ።

መጀመሪያ ተሳፋሪ ረስቶት ከሚወርድ የቆየ መጽሔት ነበር የመኪናውን የየአገር ዋጋ የሚለቅሙት። ስልክ ሲመጣ ተገላገሉ። መኪናው ያው ያ ባለ ሁለት በር ዓይነት ነው፤ ፋብሪካው በየጊዜው ፊቱን ያድሰዋል፣ እነሱም አብረው ያድሳሉ። ሕግ አላቸው፤ ያገለገለ አይቆጠርም። «ያገለገለማ እኔም አለኝ» ይላል ካፒቴን ታክሲውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። የአገሮቹን ስም አይጠሩም፣ የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። መኪናው የሚሠራበት «የፋብሪካው አገር» ነው። ቀረጥ የማያውቀው ሞቃቱ «የበረሃው አገር» ነው። ከዚያ ደግሞ በባሕር የተከበበው፣ መኪና እንዳይበዛበት ብሎ ግብር የሚቆልለው «የደሴቱ አገር» አለ። አራተኛው «እዚህ» ነው።

ካፒቴን የራሱን ታክሲ የገዛ ሰሞን በገንዘብ መቁጠር ቀረ። «ገንዘብ ዛሬ እንዲህ ነው፣ ነገ እንዲያ ነው፤ ታክሲዬ ግን ታክሲዬ ናት» አለ። ከዚያ ወዲህ የሁሉም አገር ዋጋ የሚነገረው በታክሲ ነው። በበረሃው አሥራ ስድስት ታክሲ። በፋብሪካው አሥራ ስምንት። እዚህ አርባ አንድ። በደሴቱ አርባ ስድስት። አንዴ ቀለሜ «አሥራ ስድስት ታክሲ ተኩል» ቢለው፣ ካፒቴን «ግማሹ የትኛው ነው? የፊቱ ነው የኋላው?» ብሎ አፋጠጠው። «ሞተሩ ያለበት» አለ ቀለሜ። «እንግዲያው ተወደደ» አለ ካፒቴን።

እሑድ ረፋዱ ላይ ታክሲዋን መኪና እጥበቱ አጥር ሥር ያቆማሉ። ካፒቴን መሪው ጋ፣ ቀለሜ ጎኑ፣ መስኮቱ ዝግ፤ ካፒቴን ንፋስ ይጠላል። ከዚያ ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ። ካፒቴን ከበረሃው መግዛት ነው የሚያዋጣው ይላል። ቀለሜ «አሸዋው ቀለሙን ይልጠዋል፤ ከምንጩ ነው እንጂ» ይላል። የሚገዙ ይመስል የመርከቡን፣ የመድኑን፣ የወደቡን ሳይቀር ይደምራሉ። ደሴቱን ግን ሁለቱም ይወዱታል። እዚህ በጨመረ ቁጥር ካፒቴን ስልኩን ያወጣና «የደሴቱን እየው፣ የደሴቱን! ከእኛም የባሰ አለ» ይላል፤ ሁለቱም በጣም ይጽናናሉ።

የሆድ የሆዳቸውን አውርተው አያውቁም። ቀለሜ እናቱን የቀበረ ሰሞን ሰው ሁሉ እየመጣ አጽናናው፤ እሱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ተቀመጠ። ካፒቴን መጣ፣ አጠገቡ ቁጭ አለና «የበረሃው በሁለት ታክሲ ቀነሰ» አለው። ቀለሜ እንባው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ካፒቴን ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል። «ጣፋጭ ሰው በመሆኔ ነው» እያለ ያሾፍበት ነበር። እግሮቹ ቀስ በቀስ ደነዘዙ፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ አይሰማውም። ታክሲዋም አርጅታ ነበር። ነዳጅ መስጫው ሥር ያለው ወለል ከመሳሳቱ የተነሳ የጭስ ማውጫው ሙቀት እንደ ምጣድ ያግለዋል። ቀኝ እግሩ እዚያ ላይ ውሎ ውሎ ተቃጠለ፤ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ቆሰለ። ካፒቴን አንዱንም አልሰማም።

ከዚያ ተሳፋሪዎች መነጫነጭ ጀመሩ። «እዚህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ» አለች አንዲት ሴትዮ፣ መንገድ ላይ አስቁማ ወረደች። ካፒቴን ተናደደ። እሱ ራሱ ሽታውን ለምዶታል፣ ተሳፋሪ ሁሉ የተመሳጠረበት ነው የመሰለው። እሑድ ሲገናኙ ለቀለሜ ነገረው፤ «አይጥ ሳትሆን አትቀርም» ተባባሉ። ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ወንበሮቹን ነቀሉ፣ ምንጣፉን አነሱ፣ ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ሥር ፈለጉ። አይጥ የለም። ቀለሜ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ወንበሩ ሥር ሲፈልግ፣ የካፒቴን እግር ካልሲ ብቻ አጥልቆ ከአፍንጫው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። እሱ ግን አፍንጫ የለውም። ታክሲዋን በሳሙና አጠቧት፣ መስታወቱ ላይ ሽቶ ሰቀሉ፣ ተቀምጠውም የፋብሪካውን ዋጋ አወሩ።

ያወቀችው የካፒቴን ሚስት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ቤታቸው ውስጥ የምትሰፋ። ካልሲውን ልታጥብ አንስታ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አይጡ አንተ እግር ላይ ነው ያለው» አለችው።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ ቀለሜም አብሮ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዓይኖቿ በድካም የቀሉ፣ ግን ሰው አታንጓጥጥም። ፋሻውን ፈትታ አየችና ወንበር ስባ ከካፒቴን ፊት ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት። ዛሬ ነገ የሚባልበት አይደለም፤ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ደምዎ ውስጥ ከተሠራጨ ልናተርፍዎ አንችልም። አሁን ከሆነ ግን ይድናሉ።»

«ቀኙ ነው?» አለ ካፒቴን።

«ቀኙ።»

«ቀኙ እኮ ፍሬንና ነዳጅ ነው፣ ልጄ።»

«ስለ ሕይወትዎ ነው የማወራው፣ አባቴ።»

«እኔም» አለ ካፒቴን። ሳልቆረጥ የምወጣው በራሴ ፈቃድ ነው ብሎ ፈርሞ፣ ሚስቱና ቀለሜ ግራና ቀኝ ደግፈውት ወጣ። ታክሲዋን እስከ ቤት የነዳት ቀለሜ ነው፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። ካፒቴን ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ «ማርሽ ቀይር፣ አታስጩሃት» ሲል መጣ።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብታ አልጋውን መስኮቱ ጋ ዘረጋችለት፣ ታክሲዋ እንድትታየው። አመሻሹ ላይ ቀለሜን እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። እጁን ያዘችው፤ ይህን አድርጋ አታውቅም።

«ልጃችን በስልክ አለቀሰችበት፣ ጎረቤት ገብቶ ለመነው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔማ አፌ ደከመ። ከአንተ ሌላ የሚሰማው የለም። ወንድሙ ነህ። ንገረው።»

«እሺ እህቴ፣ እነግረዋለሁ» አለ ቀለሜ። ሲናገር የሚችል መስሎት ነበር።

በማግሥቱ አንድ የቤት መኪና በር እያሸ ንግግሩን አዘጋጀ። «ስማ ወንድሜ» አለ በሩን፣ «እግር ምንድን ነው? ሰው ነው ወይ? ባለእግሩ ከሌለ እግሩ ምን ያደርጋል? እኔ ያለ አንተ ማን አለኝ? እባክህ» አለው። ጥሩ ንግግር ነበር። ሲጨርስ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ፣ ማንም አልሰማውም። በሩ ሙሉ በሙሉ አምኖበታል።

ሥራ ሲወጣ በቀጥታ ሄደ። ካፒቴን ትራስ ደገፍ ብሎ ተኝቷል፣ እግሩ ብርድ ልብስ ሥር ነው። ቀለሜ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማ ወንድሜ» አለ።

«የደሴቱ ስንት ገባ?» አለ ካፒቴን።

«አርባ ስድስት። አልተነቃነቀም።»

«እነዚህ ሰዎች አያፍሩም?»

«አያፍሩም» አለ ቀለሜ፣ እና በቃ፣ መርከቡን መደመር ጀመሩ። ሲወጣ ሚስቱ አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አንገቱን ደፍቶ በአጠገቧ አለፈ።

በሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዳር ዳር ብሎ፣ «ሐኪሟ ጥሩ ሰው ትመስላለች» አለ። ካፒቴን «በጣም» አለና የበረሃውን አነሳ። ያን ቀን ካፒቴን ላብ እያጠመቀው ነበር፤ ግንባሩ ይነዳል፣ ቁጥር ሲደምር ይስታል። አሥራ ስድስትና ሁለት ሃያ ነው አለ። ቀለሜ አላረመውም። እቤቱ ሲገባ ቱታውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ፤ እትዬ ልትቆጣው ወጥታ ፊቱን አየችና ቱታውን ተወችው።

«ዛሬም አልነገርከውም?» አለች።

«አልነገርኩትም።»

«አንተ ሰው፣ ሰውዬው እየሞተ ነው እኮ! አፍ የለህም?»

«አለኝ፣ እትዬ። የዋጋ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልለመደም።»

እትዬ ራሷን ነቀነቀችና ገባች። እሱም ፈራ። ካፒቴን የሚሞትበት መሆኑን በደንብ ያወቀው እዚያ በር ላይ ነው፤ እንደ ሕፃን ፈራ።

ጋራዡ ውስጥ ምሳቸውን ሲበሉ ነገሩን ለጋራዡ ኤሌክትሪሺያን አጫወተው። ኤሌክትሪሺያኑ ምክር አይወድም፣ የሚወደው ሽቦ ነው። «እግር ለሌለው በእጅ የሚነዳ አለ አይደል እንዴ?» አለ አፉ እንደሞላ። «መሪው ሥር ዘንግ ነው። ስትገፋው ፍሬን፣ ስትስበው ነዳጅ። ማርሹ በራሱ ለሚቀይር መኪና ነው የሚሆነው።» ቀለሜ ምግቡን አስቀመጠ። ስልኩን አወጣ። ባለ ሁለት በሩ መኪና በእጅ የሚነዳ ሆኖ ይሸጣል ወይ ብሎ መፈለግ ጀመረ።

ይሸጣል። በፋብሪካው አገር የዘንጉን በዋጋው ላይ ጨምረው ያስከፍላሉ። በበረሃው ደንታም የላቸውም። የደሴቱን ሲያይ ግን ልቡ ቀጥ አለ። ደግሞ አየ። ያንን ሁሉ ግብርና ቀረጥ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ሰው ያነሱለታል፣ በላዩም ላይ ከራሳቸው ይደጉሙታል። አርባ ስድስት የነበረው አሥራ አምስት ይሆናል። አሥራ አምስት! በዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ዋጋ አልተሰማም። ከበረሃው ያንሳል። ቀለሜ ዘሎ ተነሳ። በሰው መኪና ጎን ላይ ስቱኮው ሳይደርቅ፣ የጋራዡ ባለቤት ከኋላው እየጮኸ፣ ቱታውን እንደለበሰ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ሲሮጥ ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለአፍታ የካፒቴንን እግር ራሱን ረስቶት ነበር።

የካፒቴን ሚስት አጥሩ ጋ አገኘችውና የፊቱን ብርሃን አየች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለትና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ወዲያው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ተሰማ።

ካፒቴን ከስቶ ነበር። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኖቹ ግን ነቅተዋል።

«ምን ይዘህ መጣህ? ፊትህ የተቀባ ይመስላል።»

«የደሴቱ ወረደ።»

«አትለኝም! ስንት ገባ?»

«አሥራ አምስት።»

ካፒቴን ከትራሱ ቀና አለ። «ከአርባ ስድስት አሥራ አምስት? ምንድን ነው፣ ከእሳት የተረፈ ነው?»

«አዲስ ነው። ከፋብሪካ የወጣ።»

«ተሳስተሃል።»

«ደጋግሜ አይቼዋለሁ» አለ ቀለሜ። ከዚያ ያ የሮጠበት ደስታ ከየት እንደመጣ ትዝ አለውና አንገቱን አቀረቀረ። «ቀረጡን ያነሱታል። አንድ እግር ለሌለው ሰው። መኪናውን በእጅ የሚነዳ አድርገው ነው የሚያስረክቡት። መሪው ሥር ዘንግ አለው፤ ስትገፋው ፍሬን፣ ስትስበው ነዳጅ። እግር የሚባል ነገር አይጠይቅም።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ካፒቴን መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመችውን ታክሲ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እያሰላ ነበር።

«ሠላሳ አንድ ታክሲ» አለ በመጨረሻ። «ለአንድ እግር። ጥሩ ይከፍላሉ።»

«በጣም ጥሩ ነው የሚከፍሉት።»

«እዚህስ?»

«ምን እዚህስ?»

«እዚህ ለአንድ እግር ስንት ይቀንሳሉ?»

ቀለሜ ይህንንም ስልኩ ላይ ፈልጎት ነበር፤ ጥያቄው እንደሚመጣ ያውቃል። ሊዋሽም ይችል ነበር። አምስት ታክሲ፣ አሥር ታክሲ ቢለው ካፒቴን አይመረምርም፤ ምናልባትም እሺ ይል ነበር። ግን በዋጋ ዋሽተው አያውቁም። አፉ እንቢ አለው።

«ምንም» አለ።

«ታክሲዬ ላይ ያንን ዘንግ የሚገጥም አለ?»

«ማርሿ በእጅ የሚቀየር ነው። አይሆንላትም።»

«ቢሆንላትስ፣ ሰው ጫንባት ብለው ይፈቅዱልኛል?»

«አይፈቅዱም።»

ካፒቴን ራሱን ነቀነቀ፤ የተቀየመ አይመስልም፣ የሰማው ዋጋ ነው። «ታዲያ ደሴቱም ከዳን በለኛ። ከእኛ የባሰ ጠፋ።»

ቀለሜ አሁን ነው አለ ለራሱ። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው? ያ ለበሩ የተናገረው ሁሉ ቃል በቃል አፉ ውስጥ መጣ። ባለእግሩ ከሌለ እግሩ ምን ያደርጋል፣ ያለ አንተ ማን አለኝ፣ እባክህ። ጎንበስ ብሎ የካፒቴንን ክንድ ያዘ፤ ክንዱ እሳት ነው። «ስማ ወንድሜ» አለ፣ ድምፁም ተሰበረ።

ካፒቴን ፊቱን አየው። ምን ሊለው እንደሆነ ገባው፤ ሳይገባው አይቀርም፣ ዕድሜ ልኩን ያወቀው ፊት ነው። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት መሳይ ነገር ብልጭ አለና ጠፋ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አለ ጣቱን አንስቶ። «አንዱ ሠላሳ አንድ ነው አልክ? ሁለቱንም ብሰጣቸውስ?» ዓይኑን ጨፍኖ አሰላ። «ባለ ሁለት በሩንም ወስጄ፣ አሥራ ስድስት ታክሲ መልስ ይሰጡኛል እኮ!»

ቀለሜ አልፈለገም። ምስክሬ ፈጣሪ ነው፣ መሳቅ አልፈለገም። ጥርሱን ነከሰ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ወደ ጣሪያው አየ። ግን አሥራ ስድስቱ ታክሲ ተራ በተራ ተሰልፈው ዓይኑ ላይ መጡበት፤ ሁሉም የካፒቴንን ታክሲ የመሰሉ፣ መስታወታቸው ላይ ሽቶ የተሰቀለባቸው፣ ነጂ የሌላቸው። አፈትልኮበት ሳቀ። ካፒቴንም ሳቀ። አንዱ ሊያቆም ሲል ሌላው «መልስ!» ይላል፣ እንደገና ይጀምራሉ። አልጋው ተንቀጠቀጠ። ቀለሜ ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ተነሳ።

የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ። ሚስቱ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደፉ ላይ ቆመች። ፊቷ፣ ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በርቶ ነበር።

«እሰይ!» አለች ቀለሜን። «እሺ አለ፣ አይደል? እሺ ብሎህ ነው?»

ካፒቴን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቀለሜ ግን ማቆም አቃተው። እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ መሳቁን ቀጠለ። እሷም መልሱን እየጠበቀች አብራው ሳቀች።